በጀልባ ላይ የሚገጠሙ መሣሪያዎችና የባትሪው መስመር
ለገዳማትና ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ማብራሪያ

አበው ሊቃውንት ቤተ ክርስቲያንን በመርከብ፣ ይህንን ዓለም ደግሞ በባሕር እየመሰሉ ያስተምራሉ። በጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ ለሚገኙ ገዳማት ግን መርከብ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የዕለት መንገድ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ጥር 7 ቀን ወደ ናርጋ ሥላሴ ለክብረ በዓል የሚጓዘው ምእመን በጀልባ ይሻገራል። የገዳሙ እህል፣ ጧፍና ዕጣን፣ ለእድሳት የሚሄደው ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ ሌሊት ሕመም የጠናበት መነኩሴም እንዲሁ በጀልባ ይጓዛል። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩ አባቶችና ምእመናንም የዚሁ መንገድ ተካፋዮች ናቸው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሞተር ጀልባዎች ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን መግጠም እየተለመደ መጥቷል። እነዚህም የሌሊት ጉዞ መብራቶች፣ የውኃ ጥልቀት መለኪያ፣ አቅጣጫ የሚያሳይ ጂፒኤስ፣ ወደ ጀልባው የገባውን ውኃ የሚያወጣ ፓምፕ፣ የስልክ ቻርጀርና የድምፅ ማጉያ ናቸው። ሁሉም ጠቃሚዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚገዙት በምእመናን አሥራትና ስጦታ ነው። ነገር ግን ኮሚቴዎቻችን መሣሪያውን ለመምረጥ ብዙ ሲደክሙ፣ መሣሪያው ከባትሪው ጋር የሚገናኝበትን ሥራ የመጨረሻና ቀላል ጉዳይ አድርገው የሚተዉበት ጊዜ ብዙ ነው። በጀልባ ላይ አደጋ የሚመጣው ግን ከመሣሪያው ይልቅ ከግንኙነቱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የባትሪው መስመር እንዴት መዘርጋት እንዳለበት፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ እናብራራለን። ዓላማችን ኮሚቴዎችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማድረግ ሳይሆን፣ ባለሙያውን ምን እንደሚጠይቁና ሥራውን ሲረከቡ ምን እንደሚመለከቱ ማመልከት ነው።

የባትሪው ኃይል

በጀልባ ላይ የምንጠቀምበት ባትሪ በአብዛኛው 12 ቮልት የሆነ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ሁለቱን ጫፎች በደረቅ እጅ የነካ ሰው ምንም አይሰማውም። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ባትሪው ጉዳት የማያደርስ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። 12 ቮልት ሰውን በመንዘር ባይጎዳም በማቃጠል ይጎዳል።

ነገሩን በውኃ ቧንቧ መስሎ መረዳት ይቻላል። ቮልት ማለት ውኃውን የሚገፋው ግፊት ነው፤ አምፔር ማለት በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው የውኃ ብዛት ነው፤ ገመዱ ደግሞ ቧንቧው ነው። ባትሪ ግፊቱ ትንሽ ቢሆንም መውጫ በር ካገኘ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ የሚለቅ ግድብ ነው። በደኅና ሁኔታ ላይ ያለ ባትሪ የፖዘቲቩ ገመድ ከኔጋቲቩ ጋር በቀጥታ ቢነካካ፣ ማለትም ሾርት ቢያደርግ፣ ከብዙ መቶ እስከ 1,000 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊለቅ ይችላል። ለ5 አምፔር የተዘጋጀ ቀጭን ገመድ ይህን ያህል ሲያልፍበት በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ሽፋኑ ይቀልጣል፤ በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ያቀጣጥላል። በየብስ ላይ ቤት ቢቃጠል ሰው ወደ ሜዳ ይሮጣል። በሐይቅ መካከል በጀልባ ላይ እሳት ቢነሣ ግን መሸሻው ውኃው ብቻ ነው፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከልም ዋና የማይችሉ አረጋውያንና ሕፃናት ይኖራሉ።

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው

ከዚህ አደጋ የሚጠብቀን ፊውዝ ነው። ፊውዝ ማለት ከተወሰነ መጠን በላይ ጅረት ሲያልፍበት ራሱ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ፣ ዋጋው አነስተኛ የሆነ ዕቃ ነው። በብዙዎች ዘንድ ፊውዝ መሣሪያውን ለመጠበቅ የተሠራ ሆኖ ይታሰባል። ይህ በከፊል እውነት ቢሆንም ዋናው ተግባሩ ገመዱ እንዳይቃጠል መከላከል ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ኮሚቴ ፊውዙ የት መቀመጥ እንዳለበትም ወዲያው ይረዳል።

ፊውዙ በመሣሪያው አጠገብ፣ ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ ተቀምጧል እንበል። በመካከል ያለው ገመድ በጀልባው ብረት ጠርዝ ተፍቆ ሽፋኑ ቢላጥና ሾርት ቢያደርግ፣ ጅረቱ ከባትሪው ወጥቶ በተላጠው ቦታ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል እንጂ ወደ ፊውዙ አይደርስም። ፊውዙ ደኅና ሆኖ ሳለ ገመዱ ይነዳል። ፊውዙ በባትሪው አጠገብ ቢሆን ኖሮ ግን ከእርሱ ወዲያ ያለውን መስመር በሙሉ በጠበቀ ነበር። የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት ባወጣው፣ በብዙ አገር ባለሙያዎች በሚመሩበት ደንብ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በ7 ኢንች፣ ማለትም በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ መሆን አለበት። ገመዱ በመከላከያ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ርቀቱ ሊጨምር እንደሚችል ደንቡ ቢፈቅድም፣ ለእኛ ጀልባዎች አጭሩን ርቀት መያዝ የተሻለ ነው። ኮሚቴው ስለ ኤሌክትሪክ ሌላ ምንም ባያውቅ እንኳ ይህን አንድ ነገር በዓይኑ ማየትና በእጁ መለካት ይችላል።

የፊውዙ መጠን ሁለት ነገሮችን ያሟላል። አንደኛ፣ መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ ከሚወስደው አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ያለ ምክንያት ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ገመዱ ሳይግል ሊሸከም ከሚችለው ፈጽሞ መብለጥ የለበትም። አምራቹ በመሣሪያው ላይ ወይም በመመሪያው ውስጥ የፊውዙን መጠን ጽፎ ከሆነ ያንን መከተል ይገባል። በመኪና ዕቃ መሸጫዎች የሚገኙት ባለ ሁለት ጥርስ ፊውዞች በቀለማቸው ይለያሉ፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 አምፔር ነው።

ፊውዝ በተደጋጋሚ ከተቃጠለ መስመሩ ሕመም እንዳለበት እየነገረን ነው። በዚህ ጊዜ ከፍ ያለ ፊውዝ መክተት፣ ይልቁንም በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መሰካት፣ ሰው ታሞ እያለ አፉን እንደ መሸበብ ያለ ነው። ምክንያቱ ተፈልጎ ሳይገኝ ፊውዙ ከፍ ሊል አይገባም።

የገመዱ ዓይነት፣ ውፍረትና ርዝመት

የቤት መስመር ዘርጊ ባለሙያዎቻችንን ሙያ ሳናሳንስ፣ የቤትና የጀልባ ሥራ ልዩነት እንዳላቸው ማወቅ ያስፈልጋል። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው የቤት ሽቦ አንድ ወጥ መዳብ ነው። ቤት ስለማይንቀጠቀጥ አይጎዳም። ጀልባ ግን በሞተሩና በማዕበሉ ዘወትር ይንቀጠቀጣል፤ ወጥ ሽቦ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከውስጥ ይሰበራል። ስለዚህ ለጀልባ የሚሆነው በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ተጣጣፊ የመዳብ ገመድ ነው። ክሮቹ በቆርቆሮ የተለበጡ ከሆነ እርጥበትን ይበልጥ ይቋቋማሉ። የጣናና የዝዋይ ውኃ እንደ ባሕር ጨዋማ ባይሆንም፣ እርጥበቱ ብቻውን ያልተሸፈነ መዳብን በጊዜ ብዛት አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውፍረቱ ነው። ገመድ ለጅረት እንቅፋት አለው። ሲቀጥንና ሲረዝም እንቅፋቱ ይጨምራል፤ በዚያም መጠን ወደ መሣሪያው የሚደርሰው ቮልት ይቀንሳል። በ220 ቮልት መስመር ላይ ግማሽ ቮልት ቢጠፋ የሚያስተውለው የለም፤ በ12 ቮልት መስመር ላይ ግን ብዙ ነው። አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከባትሪው 6 ሜትር የሚርቅና 5 አምፔር የሚወስድ ፓምፕ አለን እንበል። ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ የምናሰላው ርዝመት 12 ሜትር ነው። ገመዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን በመንገድ 0.7 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ይህም ከ12 ቮልቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን 0.42 ቮልት፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ደግሞ 0.26 ቮልት ገደማ ይጠፋል። ለመብራት፣ ለፓምፕና ለጥልቀት መለኪያ የሚመከረው ጉድለት ከ3 በመቶ ያልበለጠ፣ ማለትም ከ0.36 ቮልት ያነሰ ነው። ስለዚህ በምሳሌአችን ተገቢው ገመድ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። በጨረታ ወቅት ርካሽ ሆኖ የቀረበው ዋጋ በቀጭን ገመድ የተገኘ መሆን አለመሆኑን ኮሚቴው በዚህ መንገድ ሊያጣራ ይችላል።

የመመለሻው መስመር

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ በመሣሪያው በኩል አልፎ ወደ ኔጋቲቭ ይመለሳል። በመኪና ላይ የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት አካል ነው፤ ስለዚህ መካኒኮች ኔጋቲቩን ከአካሉ ጋር ማሰር ይለምዳሉ። በጀልባ ላይ ግን፣ በተለይ አካሉ ብረት በሆነ ጀልባ፣ ይህ ልማድ መቅረት አለበት። የመሣሪያዎች ጅረት በብረት አካሉ በኩል ሲመለስ ውኃ ከሚነካው ክፍል ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ገዳሙ በብዙ ድካም ያገኘው ጀልባ በማይታይ ሁኔታ ከሥሩ ይቀጥናል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ፖዘቲቭና የራሱ ኔጋቲቭ ገመድ ይኑረው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን እስከ ማከፋፈያው ይምጡ። ፖዘቲቩ ቀይ፣ ኔጋቲቩ ጥቁር ወይም ቢጫ ቢሆን የሚቀጥለው ባለሙያ አይሳሳትም።

የመስመሩ ቅደም ተከተል

በትክክል የተዘረጋ መስመር ከባትሪው ጀምሮ እንዲህ ይቀመጣል፦

1. የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ፤
2. በ18 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ዋናው ፊውዝ፤
3. ጀልባው ሲቆም ሁሉንም የሚዘጋ ዋና ማብሪያ ማጥፊያ፤
4. የፊውዝ ማከፋፈያ ሣጥን፣ በውስጡም ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ፊውዝ፤
5. የየመሣሪያው ማብሪያ ማጥፊያና መሣሪያው፤
6. የኔጋቲቭ ገመዶች ሁሉ የሚሰበሰቡበት የመዳብ ዘንግ፤
7. ከዚያ በአንድ ወፍራም ገመድ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ።

መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ፊውዝ ሥር ቢታሰሩ የስልክ ቻርጀሩ ብልሽት የጉዞ መብራቱንም ያጠፋል። ለየብቻ ሲሆኑ ግን የተበላሸው ብቻ ይቆማል። የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ለቤት መብራት የተሠሩ ሳይሆን ለባትሪ ጅረት የተዘጋጁ መሆናቸውም ይረጋገጥ።

አውቶማቲክ የውኃ ማውጫ ፓምፕ ከዚህ ሥርዓት የተለየ ነው። ጀልባው በወደቡ ታስሮ ባደረበት በክረምት ሌሊት ዝናብ ቢሞላው ፓምፑ ማንም ሳይኖር ሊሠራ ይገባዋል። ስለዚህ የፓምፑ መስመር ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ሳያልፍ ከባትሪው በቀጥታ ይወጣል፤ ነገር ግን የራሱ ፊውዝ በባትሪው አጠገብ የግድ ይኖረዋል። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ ባትሪውን የሚሞላ ከሆነም ከመቆጣጠሪያው ወደ ባትሪው የሚመጣው ገመድ እንዲሁ በባትሪው በኩል ፊውዝ ያስፈልገዋል።

ስለ ጉዞ መብራቶችም አንድ ቃል እንጨምር። በዓለም አቀፍ ልማድ ከጀልባው በስተግራ ቀይ፣ በስተቀኝ አረንጓዴ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚታይ ነጭ መብራት ይደረጋል። መብራቱ ለእኛ መንገድ ከማሳየት ይልቅ እኛን ለሌላው ያሳያል። በሐይቁ ላይ ያለ መብራት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አስጋሪ ሞተር ጀልባችን ወደየት እንደሚሄድ የሚያውቀው በእነዚህ ቀለሞች ነው። ቀዩና አረንጓዴው ተለዋውጠው ከተገጠሙ የሚያየውን ሰው ያሳስታሉ፤ ስለዚህ በርክክብ ጊዜ ይታዩ።

መጋጠሚያዎች

በጀልባ ላይ የሚታየው ብልሽት በአብዛኛው የሚጀምረው ገመድ ከገመድ ወይም ገመድ ከብሎን በሚጋጠምበት ቦታ ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በየብስ ለጊዜው ቢያገለግልም፣ በሐይቅ ላይ ናስትሮው በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቃል፤ መጋጠሚያው ይላላል፤ የላላ መጋጠሚያም ይግላል። ተገቢው የገመዱን ጫፍ በቀለበት መያዣ ውስጥ አስገብቶ ለዚሁ በተሠራ መጫኛ መሣሪያ አጥብቆ መጫን፣ ከዚያም በሙቀት በሚጨማደድ ፕላስቲክ መሸፈን ነው። ቀለበቶቹ እንደ ገመዱ ውፍረት በቀለም ይለያሉ፤ ቀዩ እስከ 1.5፣ ሰማያዊው እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ላለው ገመድ ነው። በተራ ፒንሳ የተጫነ ቀለበት ሲጎተት ይወልቃል። ገመዱም በየ40 ወይም 45 ሴንቲ ሜትሩ በማሰሪያ ይያዝ፤ በብረት ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ የጎማ መከላከያ ይደረግለት፤ በጀልባው ወለል ውኃ በሚተኛበት ቦታ ላይም አይጋደም።

ባትሪው ለስንት ሰዓት ያገለግላል?

መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ባትሪው ሊሸከመው መቻሉ ይታሰብ። የየመሣሪያውን ዋት ለ12 ብናካፍል አምፔሩን እናገኛለን፤ አምፔሩን በሚሠራበት ሰዓት ብናበዛው ከባትሪው የሚወስደውን እናውቃለን። ለምሳሌ ለ4 ሰዓት የሌሊት ጉዞ፦

- ኤልኢዲ የጉዞ መብራቶች በድምሩ 0.5 አምፔር፣ በ4 ሰዓት 2 አምፔር ሰዓት፤
- የጥልቀት መለኪያና ጂፒኤስ 1 አምፔር፣ በ4 ሰዓት 4 አምፔር ሰዓት፤
- የስልክ ቻርጀሮች 2 አምፔር፣ በ4 ሰዓት 8 አምፔር ሰዓት፤
- የድምፅ ማጉያ 4 አምፔር፣ በ2 ሰዓት 8 አምፔር ሰዓት፤
- ፓምፕ 5 አምፔር፣ በግማሽ ሰዓት 2.5 አምፔር ሰዓት።

ድምሩ 24.5 አምፔር ሰዓት ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ ባይራቆት ይመረጣል፤ ስለዚህ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህን ጉዞ በሚገባ ይችላል፤ ባለ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግን ከሚገባው በላይ ይደክማል። ከላይ የተጠቀሱት መብራቶች የቆየው ዓይነት ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆኑ ሦስቱ ብቻ 10 አምፔር ሰዓት በወሰዱ ነበር።

ባትሪው ሞተሩን የሚያስነሣው ራሱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የድምፅ ማጉያው ባትሪውን ሲጨርሰው ሞተሪኖው አይዞርም፤ ጀልባው ከነሕዝቡ በሐይቁ መካከል ይቆማል። ከዚህም ሌላ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ለአፍታ ስለሚወርድ የጥልቀት መለኪያው ጠፍቶ ይበራል። አቅም ከፈቀደ አንዱ ባትሪ ለሞተር ማስነሻ፣ ሌላው ለመሣሪያዎች ቢሆን ይህ ችግር ይቀራል። አቅም ካልፈቀደ ሞተሩ በቆመበት ጊዜ ከጉዞ መብራትና ከፓምፕ በቀር ሌላው ሁሉ ይጥፋ።

የባትሪውን ሁኔታ በቴስተር መለካት ይቻላል። ለጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.7 ቮልት ገደማ ሲያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ሲያሳይ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ሲሆን ሳይሞላ ለጉዞ አይውጣ።

ባትሪ፣ ቤንዚንና ጽና

የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ የባትሪው ሣጥን ከላይ መተንፈሻ ይኑረው። የቤንዚን ተን በአንጻሩ ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ይተኛል። ባትሪና የቤንዚን ጀሪካን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ባትሪው ማዕበል እንዳያንከባልለው በሣጥን ውስጥ ሆኖ በቀበቶ ይታሰር፤ የፖዘቲቩ ጫፍም በፕላስቲክ ወይም በጎማ ይሸፈን።

በዚህ ረገድ ለካህናት አባቶች በትሕትና የምናሳስበው ነገር አለ። በበዓላት ጊዜ በጀልባ ላይ ጽና ከነፍሙ ይያዛል፤ ጧፍም ይበራል። ይህ አገልግሎት በጀልባው ፊት ለፊት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከባትሪውና ከነዳጁ ርቆ እንዲፈጸም፣ ነዳጅ በሚቀዳበትም ጊዜ እሳት ሁሉ እንዲርቅ ያስፈልጋል። በባትሪው ላይ የሚሠራ ሰው ቀለበቱን፣ ሰዓቱንና በአንገቱ ያለውን የብረት መስቀል አስቀድሞ ያውልቅ፤ ብረት ሁለቱን ጫፎች ቢያገናኝ ወዲያው ግሎ ሥጋን ያቃጥላል። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ የመጨረሻ ይሆናል። አሲድ በዓይን ወይም በቆዳ ላይ ቢፈስ ሳይዘገይ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ዓይን የነካው ሰውም ወደ ሕክምና ይሂድ።

ባትሪውን ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ኢንቨርተር በእርጥብ ጀልባ ላይ መጠቀም ሌላ ዓይነት አደጋ ያመጣል፤ ይህ ሰውን ነዝሮ ይገድላልና። የድምፅ ማጉያም ሆነ ቻርጀር ሲገዛ በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራው ይመረጥ።

ኮሚቴው ሥራውን ሲረከብ

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ኮሚቴው ከጀልባ ነጂው ጋር ሆኖ የሚከተሉትን ቢመለከት መልካም ነው፦

- ዋናው ፊውዝና የፓምፑ ፊውዝ ከባትሪው በ18 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መሆናቸውን በሜትር መለካት፤
- በማከፋፈያ ሣጥኑ ላይ የየመሣሪያው ስምና የፊውዙ መጠን በአማርኛ መጻፉን ማየት፤
- እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅ ጎተት አድርጎ አለመላላቱን ማረጋገጥ፤
- መሣሪያዎቹ ሁሉ እየሠሩ ሳለ በባትሪው ጫፍና በየመሣሪያው ጫፍ ያለውን ቮልት ለክቶ ልዩነቱ ከ0.36 ቮልት አለመብለጡን ማየት፤
- ከሩብ ሰዓት በኋላ ገመዶቹንና መጋጠሚያዎቹን ዳስሶ የጋለ አለመኖሩን ማረጋገጥ፤
- ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ዘግቶ ከፓምፑ በቀር ሁሉም መጥፋቱን፣ የፓምፑን ተንሳፋፊ ከፍ አድርጎ ፓምፑ መነሣቱን ማየት፤
- የመስመሩን ንድፍ በሁለት ቅጂ ተረክቦ አንዱን በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ፣ ሌላውን በፕላስቲክ ተሸፍኖ በጀልባው ማኖር፤
- ከየመጠኑ መለዋወጫ ፊውዝ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ በአንድ ውኃ በማያስገባ ከረጢት በጀልባው ማስቀመጥ።

ከርክክቡ በኋላ ደግሞ በየወሩ መጋጠሚያዎቹን የሚያይ፣ የባትሪውን ጫፍ የሚያጸዳና ቮልቱን በመዝገብ የሚጽፍ አንድ ኃላፊ ይሰየም። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከክረምት መግቢያና ከታላላቅ በዓላት በፊት ግን ምርመራው የግድ ይደረግ።

በበጀት ዝግጅት ጊዜም ገመዱ፣ ፊውዙ፣ ማከፋፈያ ሣጥኑና የባለሙያው ክፍያ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር በአንድነት ይታሰቡ። ፕሮፖዛል ሲቀርብልን «የጥልቀት መለኪያ ግዢ» ብቻ ተብሎ ከሚጻፍ ይልቅ «ግዢና ከሙሉ መስመር ጋር ተከላ» ተብሎ ቢጻፍ፣ በኋላ በቀጭን ገመድና በጎደለ ፊውዝ የሚተካ ክፍተት አይኖርም። ገንዘቡ ካልበቃ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ እንጂ ከመስመሩ አይቀነስ። አንድ መብራትና አንድ ፓምፕ በትክክል የተገጠመለት ጀልባ፣ ብዙ መሣሪያ በዘፈቀደ ከተንጠለጠለበት ጀልባ ይልቅ ሕዝቡን በደኅና ያደርሳል።

ምእመናን ወደ ጀልባችን ሲሳፈሩ ገመዱን አይመረምሩም፤ ቤተ ክርስቲያንን አምነው ይገባሉ። ይህንን እምነት የመጠበቅ አደራ በሰበካ ጉባኤያትና በገዳማት አስተዳደር ላይ ነው። የያዝነውን ጀልባ ዛሬ ከፍተን ፊውዙ የት እንዳለ በመመልከት እንጀምር።